በማሽላ ጎተራ የምትገኘው ትንሽ የእሳት እራት፤ መልኳና ምደባዋ

በአማርኛ «ነቀዝ» የሚለው ቃል እህል የሚያበላሹትን ጥቃቅን ነፍሳት ሳይለይ በአንድነት ይጠራል። ፍሬው ተበስቶ፣ ዱቄቱ ወርዶ፣ ክብደቱ ቀሎ ሲገኝ «እህሉ ነቀዘ» እንላለን፤ የበሳው ማን እንደ ሆነ ግን ቃሉ አይነግረንም። ማሽላ ዋና እህል በሆነበት በከሚሴ ዙሪያ ባለው ቆላ የጎተራ ክዳን ሲነሣ ሁለት ዓይነት ፍጥረት ሊታይ ይችላል። አንደኛው ጠቆር ያለ፣ ጀርባው ጠጣር፣ አፉም እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት የሾለ ጥንዚዛ ነው። ሁለተኛዋ የገለባ መልክ ያላት፣ ክንፏን በጀርባዋ ላይ አጥፋ የምትቀመጥ፣ ሲነኳት ብር ብላ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ የምታርፍ ትንሽ የእሳት እራት ናት። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ ያሰብነው ስለዚህች ስለ ሁለተኛዋ ነው፤ ይኸውም መልኳ ምን እንደሚመስል፣ የነፍሳት ሊቃውንት ከየትኛው ቤተሰብ እንደ መደቧት፣ ምደባውም ከመዝገብ ቤት አልፎ ለማሽላ ገበሬ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሳይንስ ስሟ ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ ትባላለች። በኢትዮጵያ በተከማቸ ማሽላና በቆሎ ላይ ጥፋት ከሚያደርሱት ዋና ዋና ተባዮች አንዷ ናት፤ ስንዴና ገብስም ትበላለች። የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በ325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። በአጠገቧ ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ደግሞ አገሩ እየሞቀ ይሄዳል። ለዚህች ነፍሳት ከሁሉ የተሻለው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ከ16 ዲግሪ በታች መራባት ይሳናታል። ስለዚህ የደጋው ጎተራ ብርዱ ሲጠብቀው የቆላው ጎተራ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም።

ወደ መልኳ ከመግባታችን በፊት ስለ አማርኛው ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «የእሳት እራት» የሚለው ስም ለሌሊት በራሪዎች ሁሉ የተሰጠና ወደ መብራት እየመጡ መቃጠላቸውን የሚያመለክት ነው። «ብል» የሚለው ቃል ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም እንደምናገኘው ልብስ የምትበላውን ያመለክታል። በእውነቱ ከሆነ ልብስ የምትበላውም የእሳት እራት ናት፤ ይሁን እንጂ ቤተሰቧ ሌላ ነው። እንግዲህ የእኛዪቱ በሦስት ቃላት መካከል ተበትና ትገኛለች፤ ስትበር የእሳት እራት፣ ስትበላ ነቀዝ፣ በዘመድነት ደግሞ ወደ ብል የምትቀርብ ናት። እኛ «የእህል ብል» ብንላት የሚሻል ይመስለናል፤ ቢያንስ ከጥንዚዛው ይለያታልና። ከዚህ በኋላም በዚሁ ስም እንጠራታለን።

የእህል ብል ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ10 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። አጥፋቸው ስትቀመጥ ርዝመቷ ከአንድ የስንዴ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። የአካሏ መጠን ባደገችበት ፍሬ ይወሰናል፤ በቆሎ ውስጥ ያደገችው ትልቅ፣ በማሽላ ውስጥ ያደገችው ትንሽ ናት። ለዚህ ነው የማሽላዋን ከበቆሎዋ ጋር አስተያይቶ «ሁለት ዝርያ ናቸው» ለማለት የማያስቸኩለው፤ መለኪያው መጠን ሳይሆን የአካል ቅርጽ መሆን አለበት።

የፊት ክንፏ ጠባብና ረዘም ያለ ሲሆን የደረቀ ገለባ ወይም የፈዘዘ ወርቅ የመሰለ ቀለም አለው። ብዙ ጊዜ ከክንፉ መካከል አለፍ ብሎ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ነጥቧ በጣም የደበዘዘች ወይም የጠፋች ስለ ሆነች በእርሷ ብቻ መተማመን አይገባም። የኋላ ክንፏ ግራጫ ነው። ከሁሉም ይልቅ እርሷን የሚያስታውቃት ይኸው የኋላ ክንፍ ነው። ጫፉ እንደ ማንኛውም ክንፍ በቀስታ አይከብም፤ ከበታቹ በድንገት ገባ ብሎ ከላይ በኩል እንደ ተቀሰረ ጣት ሾልኮ ይወጣል። በክንፉ ጠርዝ ላይ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተደረደረ ረጅም ጸጉር አለ። ከራሷ ፊት ለፊት ደግሞ ከከንፈሯ የሚበቅሉ ሁለት ረጃጅም ዳሳሾች ወደ ላይ እንደ ማጭድ ታጥፈው ከግንባሯ በላይ ይወጣሉ፤ ጫፋቸውም እንደ መርፌ የሾለ ነው። ይኸን በዓይን ብቻ ማየት ያስቸግራል፤ ተራ የማጉያ መነጽር ግን ይበቃል።

በጣት የነካት ሰው ከጣቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ዱቄት ይቀርበታል። ይህ ዱቄት ከክንፏ የረገፈ ቅርፊት ነው። ቢራቢሮዎችንና የእሳት እራቶችን በአንድነት የሚይዘው ክፍለ መደብ ሌፒዶፕቴራ መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ባለ ቅርፊት ክንፍ ማለት ነው። በዚህ ክፍለ መደብ ውስጥ እስከ ዛሬ ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች ወደ 160,000 ይጠጋሉ።

ታሪኳን በጽሑፍ ለማግኘት ወደ ፈረንሳይ አገር መሄድ ግድ ይሆንብናል። ፈረንሳዊው ሬኦሙር ስለ ነፍሳት በጻፈው ትልቅ ሥራ ውስጥ በ1736 ጠባይዋን ገለጸ። ከዚያም አንጉሙዋ በተባለው የፈረንሳይ አውራጃ እህሉ ክፉኛ ስለ ተበላ የሳይንስ አካዳሚው በ1760 ዱሃሜል ዱ ሞንሶና ቲዬ የተባሉትን ሁለት ሊቃውንት ወደ ስፍራው ላከ። የጥናታቸው መጽሐፍ በ1762 ታተመ፤ እህሉን በምድጃ አሙቆ ትሉን መግደል እንደሚቻልም አሳዩ። እስከ ዛሬ በብዙ የአውሮጳ ቋንቋዎች የዚህች ነፍሳት የተለመደ ስም የአንጉሙዋ የእህል እራት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ አውራጃ በደረሰበት ጥፋት ስሙ ለዘለዓለም ከተባይ ጋር መያያዙ የሚያሳዝን ዕድል ነው።

እነዚህ ሰዎች ግን ነፍሳቷን በሚገባ ቢያውቋትም ዛሬ በምንጠራበት ስም አልጠሯትም። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 ያወጣው ሥርዓት እያንዳንዱ ፍጥረት በሁለት ቃል እንዲጠራ፣ ፊተኛው የወገኑ፣ ኋለኛው የዝርያው መጠሪያ እንዲሆን ያደርጋል። በዚህ ሥርዓት መሠረት ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ በ1789፣ ይኸውም የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳበት ዓመት፣ አሉሲታ ሴሪያሌላ ብሎ ስም አወጣላት። ሴሪያሌላ የሚለው ቃል ሮማውያን የእህል አምላክ አድርገው ያመልኳት ከነበረችው ከሴሬስ የመጣ ሲሆን መጨረሻው ላይ ያለው «ኤላ» ሊኔየስ ለጥቃቅኖቹ የእሳት እራቶች ያስለመደው ማሳነሻ ነው። አሉሲታ የተባለው ወገን ግን በዚያን ዘመን እንደ ሰፊ አቅማዳ ብዙ የማይዛመዱ ነፍሳት የታጨቁበት ነበር። ጀርመናዊው ሃይነማን በ1870 ሲቶትሮጋ የሚለውን ወገን አቋቋመ፤ ቃሉ በግሪክ እህል የሚቆረጥም ማለት ነው። የዝርያዋ ስም ሳይለወጥ ወገኗ ብቻ ስለ ተለወጠ ዛሬም ሙሉ ስሟ ሲጻፍ ኦሊቪዬ 1789 የሚለው በቅንፍ ይገባል፤ ቅንፉ «ስሙን ያወጣው ሰው በሌላ ወገን ሥር አስቀምጧት ነበር» ማለት ነው። ይህን ደንብ የማያውቅ ተማሪ ቅንፉን እንደ ጌጥ ይመለከተዋል።

ከወገን በላይ ያለው ደረጃ አስተኔ፣ ማለት ቤተሰብ፣ ይባላል። የእህል ብል አስተኔ ጌሌኪዴ ነው። በዚህ አስተኔ ውስጥ ከ4,500 በላይ የታወቁ ዝርያዎች ሲገኙ ከላይ የገለጽናቸው የኋላ ክንፍ ጣት መሳይ ጫፍና ወደ ላይ የታጠፉት ዳሳሾች የቤተሰቡ ምልክቶች ናቸው። ዘመዶቿን ስንቆጥር ለአገራችን ገበሬ እንግዳ ያልሆኑ ስሞች እናገኛለን። የድንችን ሥር የሚበሳው ትል ከዚሁ አስተኔ ነው። በ2012 ወደ ኢትዮጵያ መግባቷ የታወቀውና የቲማቲምን ማሳ ያጠፋችው ቱታ አብሶሉታም እንዲሁ ናት። የጥጥን ፍሬ ከውስጥ የሚበላው ሮዝ ትል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የቅርብ ዘመዷ ነው። በ2013 የታተመ፣ የዘር ቅንጣትን በማመሳከር የተደረገ የአስተኔው ጥናት ሁለቱን በአንድ ንኡስ ቡድን ውስጥ አስቀምጧቸዋል። አንዱ በጥጥ ፍሬ፣ ሌላዋ በማሽላ ፍሬ ተሸሽገው መኖራቸውን ስናስብ ይህ ዝምድና አያስገርምም፤ ይሁን እንጂ ጠባይ ተመሳሰለ ተብሎ ብቻ ዝምድና አይፈረድም፤ ጥንዚዛውም በማሽላ ፍሬ ውስጥ ይኖራልና።

አሁን ወደ ፍሬው ውስጥ እንግባ። ሴቲቱ እንቁላሎቿን በፍሬው ላይ ወይም በፍሬና በገለባው መካከል ትጥላለች። አንዲት ሴት በሕይወቷ ከ100 በላይ ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ መጀመሪያ ነጭ ሲሆን ሊፈለፈል ሲቃረብ ቀላ ይላል። የሚወጣው ትል ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዓይን የሚሰወር ቀዳዳ በስቶ ይገባና ከዚያች ፍሬ ዳግመኛ አይወጣም። ማዕዱም፣ ቤቱም፣ መኝታውም አንዲት የማሽላ ፍሬ ናት። ነጭ ሰውነቱና ቡናማ ራሱ እየወፈሩ ይሄዳሉ፤ ሆዱ ሥር ያሉት እግሮች እንኳ ስለማያስፈልጉት በጣም ያነሱ ናቸው።

ትሉ በልቶ ከጨረሰ በኋላ የሚሠራው ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ክንፍ ያላት እራት ስትሆን የሚቆረጥም አፍ እንደማይኖራት የሚያውቅ ይመስል፣ ሙሽሬ ሆኖ ከመተኛቱ በፊት ከውስጥ በኩል እስከ ፍሬው ልጣጭ ድረስ ይፈለፍላል፤ ልጣጩን ግን አይበሳውም። በልጣጩ ላይ ክብ አድርጎ ይቀርፍና በአንድ በኩል ብቻ ተያይዞ እንዲቀር ያደርገዋል። ከውጭ ሲታይ ፍሬው ሙሉ ነው፤ ተጠግቶ የተመለከተ ሰው ብቻ ከልጣጩ በታች ግራጫ ክብ ጥላ ያያል። የነፍሳት ተመራማሪዎች ይህችን «መስኮት» ይሏታል። እራቲቱ ስትወጣ በራሷ ገፋ ታደርገዋለች፤ ክዳኑም እንደ በር ይከፈታል። ከከሚሴ ገበያ የመጣ ማሽላ በምላጭ ከፍለን በማጉያ መነጽር ስንመለከት ከተበሱት ፍሬዎች በአንዳንዶቹ ላይ ክዳኑ ገና ተንጠልጥሎ አይተናል። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ዕድሜ በሞቃት አገር አምስት ሳምንት ያህል ነው። ክንፍ ካወጣች በኋላ እህል አትበላም፤ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ኖራ፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። እንግዲህ በጎተራው ላይ ስትበር የምናያት እራት ጥፋቷን የጨረሰች ናት፤ የምትበላው የማትታየዋ ናት።

የእህል ጥንዚዛው፣ ማለት ሲቶፊለስ፣ አኗኗሩ ሌላ ነው። ሴቲቱ ፍሬውን በኩምቢዋ በስታ እንቁላሏን ከውስጥ ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ልጇም ካደገ በኋላ ልጣጩን አኝኮ ስለሚወጣ የሚተወው ቀዳዳ ጠርዙ የተዘነጠለና ቅርጹ የተዛባ ነው። ክዳን የለውም። ከወጣም በኋላ ለብዙ ወራት እየኖረ እህሉን መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ እራቲቱንም ጥንዚዛውንም ሳያይ ፍሬውን ብቻ በመመልከት ማን እንደ በላው መፍረድ ይቻላል። ቀዳዳው ክብና ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ፣ ይልቁንም ክዳን ከተንጠለጠለበት፣ የእህል ብል ናት። ሌሎች የጎተራ እራቶችም አሉ። ለምሳሌ ያህል ፕሎዲያ የተባለችው የፊት ክንፏ ሥሩ ፈዛዛ፣ ጫፉ የመዳብ ቀለም ያለው ነው። ትሏ ግን ከፍሬው ውጭ እየተመላለሰ ስለሚበላ እህሉንና ዱቄቱን እንደ ሸረሪት ድር ባለ ክር ያያይዘዋል፤ አስተኔዋም ሌላ ነው። ድር ያለበትን እህል ያየ ሰው የእኛዪቱን አይክሰሳት።

ይህ ልዩነት ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? አንደኛ፣ የእህል ብል ሰውነቷ ለስላሳ፣ ክንፏም ተሰባሪ ስለ ሆነ በተወቃና በተጠቀጠቀ እህል መካከል ሰርጋ መውረድ አይሆንላትም። ጥፋቷ በተከማቸው እህል የላይኛው ክፍል ላይ ይወሰናል። ጥንዚዛው ግን እስከ ታች ይወርዳል። የላዩን እህል ዘግኖ «ጎተራው በሙሉ ጠፋ» ብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሰው ያልጠፋውን እህል ከጠፋው ጋር ይሸጣል፤ እንዲሁም በጥንዚዛ የተያዘውን የላዩ ብቻ ነው ብሎ የተወ ሰው ታቹን ያጣዋል። ማሽላው ከነራሱ ወይም በቆሎው ከነቆረቆንዳው ሲቀመጥ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ በፍሬዎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለ እራቲቱ እንደ ልቧ ትዘዋወራለች። ቶሎ መውቃት ከዚህች ተባይ ለመዳን መድኃኒት ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጎተራውን አጥቦና አጥኖ ማዘጋጀት ብቻውን አይበቃም፤ እራቲቱ ከጎተራ ወጥታ ወደ ማሳ ትበራለችና። ፍሬው ሊደርቅ ሲቃረብ ገና በአገዳው ላይ ሳለ እንቁላል ትጥልበታለች። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታጨደው ማሽላ በማሳው ወይም በአውድማው ላይ ብዙ ሳምንት በቆየ ቁጥር ትሉን ይዞ ወደ ቤት የመግባቱ ነገር ይጨምራል። ሥራ የሚበዛበት ጊዜ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ ቆይቶ ቀድሞ መወቃት የሚገባው ለዘርና ለክረምት ስንቅ የታሰበው ነው።

በምድር ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ እህል ማኖር በማሽላ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱ በሚገባ ከተደፈነ እህሉና ተባዮቹ አየሩን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ነፍሳት አይኖርም። ችግሩ እርጥበቱ ነው፤ ከግድግዳው አጠገብ ያለው እህል ይሻግታል፤ ለዘርም ብዙ ጊዜ አይሆንም። በመጀመሪያ ለምዕራብ አፍሪካ ገበሬዎች ተብሎ የተዘጋጀውና ዛሬ በኢትዮጵያም የሚሸጠው ፒክስ የተባለ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የሚሠራው በዚሁ በጉድጓዱ ጥበብ ነው፤ ውስጥ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች አየር አያስገቡም። አፉን በየቀኑ እየፈቱ ለሚዘግኑት ግን ጥቅም የለውም። ጤፍ ይህን ሁሉ ጭንቀት አያውቅም። ፍሬው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ትል ገብቶ ሊያድግበት የሚችል ክፍል የለውም፤ የቤቱ ማነስ ከሌባ አድኖታል።

ጥቂት ከርእሳችን ወጣ ብንልም ሊነገር የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ይህች በጎተራ የምንረግማት እራት በብዙ አገሮች ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆን ተብሎ በብዛት ትረባለች። ትሪኮግራማ የተባሉ ከዓይን የሚሰወሩ ተርቦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሌሎች እራቶች እንቁላል ውስጥ ነው፤ እነርሱን አርብቶ የሰብል ትሎችን ለማጥፋት በማሳ ላይ ለመልቀቅ ርካሽ እንቁላል ያስፈልጋል፤ ይህንንም የምታቀርበው የእህል ብል ናት።

ለዘር የተቀመጠ ማሽላ ተበስቶ እንደ ሆነ ለመለየት ከጎተራው ከላይም ከታችም አንዳንድ እፍኝ ወስዶ ለየብቻ በውኃ ውስጥ መጨመር ነው። ውስጡ የተበላው ፍሬ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። የተንሳፈፉትን አውጥቶ በጨርቅ ካደረቁ በኋላ በብርሃን ፊት አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል። ከላይ የተወሰደው እፍኝ ብዙ መስኮት ያለበት፣ ከታች የተወሰደው ግን የሰጠመ ከሆነ ጥፋቱ የእህል ብል ነውና የላዩን ክፍል አንሥቶ ለምግብ በመፍጨት የታቹን ለዘር ማቆየት ይቻላል። ሁለቱም እፍኝ ተንሳፍፎ ቀዳዳውም የተዘነጠለ ከሆነ ግን ጥንዚዛው እስከ ታች ወርዷልና ዘሩን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።